«ለሰላም ብላችሁ ተዉላቸው» ብያት ተቀየመችኝ (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ጀርመን አገር በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጥሬ እሠራለሁ። አብራኝ የሌሊት ተረኛ የሆነች አንዲት ዩክሬናዊት አለች። የመጣችው ሩሲያ ከያዘቻት ከማሪዩፖል ከተማ ነው፤ እናቷ እዚያው ቀርተዋል። ሁለታችንም መስቀል በአንገታችን ስለምናስር ቶሎ ተግባብተን ነበር። በቅርቡ ስለ ጦርነቱና ስለ ድርድሩ ስናወራ «ጌታ እኮ ለሚመታህ ሁለተኛውን ጉንጭህን አዙርለት ብሏል፤ የተያዘውን መሬት ለሰላም ብላችሁ ብትተዉላቸው አይሻልም? እናትሽም ያርፋሉ» አልኋት። ዝም ብላ አየችኝና ተነሥታ ወጣች። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ከሰላምታ በቀር አታናግረኝም። እኔ የነገርኋት የወንጌል ቃል ነው። ያጠፋሁት ምኑ ላይ ነው? አገሩ በኃይል የተያዘበት ሕዝብ ለሰላም ሲል የተወሰነውን ይተው ማለት ክርስቲያናዊ ምክር አይደለምን?

መልስ፦ ልጄ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከአንቺ ጋር ይሁን። ስለ ይቅርታ አስፈላጊነትም ሆነ ጠላትን ስለ መውደድ የምታውቂውን አልደግምልሽም፤ ደብዳቤሽ ቤተ ክርስቲያን ያሳደገችሽ መሆንሽን ይመሰክራል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ስሕተቱ ልግባ፤ ስሕተት አለና።

ጌታ «ሁለተኛውን ጉንጭህን አዙርለት» አለ እንጂ «የባልንጀራህን ፊት ይዘህ አዙርለት» አላለም። ትእዛዙ የተሰጠው ለጉንጩ ባለቤት ነው። አንቺ ያልተመታሽበትን ጉንጭ አዙሩ ብለሽ ካዘዝሽ፣ ለመታዘዝ ምንም አላወጣሽም፤ የከፈለችው እርሷ ናት። ይህን ስሕተት ባገለገልሁበት ዘመን ሁሉ ሳገኘው ኖሬአለሁ። ባሏ የደበደባትን ሴት «ለትዳርሽ ሰላም ብለሽ ቻዪ» ብለን ስንመልሳት፣ ታላቅ ወንድሙ ውርሱን የቀማውን ልጅ «የአባታችሁ አጥንት እንዳይወቅሳችሁ ተውለት» ስንለው፣ ሁልጊዜ ምክሩ የሚሄደው ወደ ደካማው ቤት ነው። ለምን? ደካማው በር ይከፍታል። ብርቱው ዘንድ ሄዶ «መልስ» ማለት ግን ያስፈራል፤ ያደክማልም።

ገና ዲያቆን ሳለሁ ያየሁትን ልንገርሽ። በተማርሁበት ደብር አጠገብ የምትኖር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ወንድ ልጆችና በሬ የሞሉት ጎረቤቷ በአንድ የእርሻ ወቅት የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ ወደ እርሷ ማሳ አስጠጋው። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከቀትር ጀምሮ ሲነጋገሩ ቆይተው፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ «በቃ፣ የተያዘውን እኩል ተካፈሉና ሰላም ይውረድ» ብለው ፈረዱ። ሴትዮዋ ተነሥታ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ከማሳዋ የዘገነችውን አፈር ቋጥራ መጥታ ኖሯል። መሬት ላይ አፈሰሰችውና «አባቶቼ፣ ድንጋዩ አምና እዚያ ነበር፤ ዘንድሮ እዚህ ነው። እኩሌታውን ብትሰጡት ለከርሞ የእኩሌታዬን እኩሌታ ልታካፍሉን ትመጣላችሁ?» አለች። አንድም ሰው አልመለሰላትም። ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉ፤ ከብት የሚገባበት ሰዓት ደርሶ ነበር። እኔም አብሬ ተነሣሁ። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 27 ላይ «የባልንጀራውን የድንበር ምልክት የሚነቅል ርጉም ይሁን» የሚለውን በቃሌ አውቀው ነበር፤ ሕዝቡ ሁሉ አሜን እንዲል የታዘዘበትን። አፌን ግን አልከፈትሁም። እነዚያ ሽማግሌዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ደክሟቸው ነበር፤ ድካማቸው የሚያልቅበትን ሰዓት ሰላም ብለው ጠሩት።

አሁን ልቆጣሽ ሳይሆን እንድታስቢው እጠይቅሻለሁ፦ ያን ሌሊት የባልንጀራሽን ሐዘን መስማት ከብዶሽ አልነበረምን? «እናትሽም ያርፋሉ» ስትያት፣ ለማረፍ የፈለገው ማን ነበር? ማሪዩፖልን አስቢ። ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ከበባ ውስጥ የነበረች ከተማ ናት። ሰዎች የተጠለሉበት ቴያትር ቤት ፊትና ኋላ፣ ከሰማይ እንዲነበብ፣ መሬቱ ላይ በትልልቅ ፊደል «ሕፃናት» ተብሎ ተጽፎ ነበር። በመጋቢት 2014 በቦምብ ተመታ። ያን ከተማ ትታ የወጣችን ሴት ነው «ተዉላቸው» ያልሻት። ለእርሷ መሬት ማለት ካርታ ላይ የተቀባ ቀለም አይደለም፤ እናቷ ውኃ የምትቀዳበት ግቢ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። አክዓብ ናቡቴን የጠየቀው በጨዋ ቋንቋ ነበር፦ «ወይንህን ስጠኝ፤ የሚሻል ወይን እሰጥሃለሁ፤ ብትወድም ዋጋውን በገንዘብ እሰጥሃለሁ»። ዛሬ ቢሆን ጥሩ የድርድር ሐሳብ ይባል ነበር። ናቡቴ ግን «የአባቶቼን ርስት እሰጥህ ዘንድ እግዚአብሔር ያርቅልኝ» አለ፤ ስለዚህም ሞተ። ነቢዩ ኤልያስ ወደ ወይኑ ቦታ ሲላክ የናቡቴን ግትርነት ሊወቅስ አልተላከም። ገድሎ የወረሰውን ሰው ገድለህ ወረስህ ሊለው ነው የተላከው። እስቲ ልብ በይ፣ በዚያ ታሪክ ውስጥ ጾም አውጀው በናቡቴ ላይ የፈረዱት የከተማው ሽማግሌዎችና ከበርቴዎች ናቸው። ሃይማኖት ለቀማኛው ጠበቃ ሲቆም እንዲህ ያለ ጾም ይታወጃል።

በእኛም ላይ ደርሷል። ጣሊያን መስከረም 1928 ድንበራችንን ተሻግሮ ገና ሦስት ወር ሳይሞላው፣ የእንግሊዙ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ፓሪስ ላይ ተቀምጠው የሰላም ሐሳብ ነደፉ። ኢትዮጵያ ከትግራይና ከኦጋዴን ትልቅ ቁራሽ እንድትለቅ፣ በደቡብ ሰፊ ምድር ለጣሊያን ሰፈራና ጥቅም እንድትከፍት፣ በምላሹ ወደ ባሕር የምታወጣ ቀጭን መንገድ እንድታገኝ። ሁለቱ ሰዎች የራሳቸውን ስንዝር መሬት አልሰጡም። የእንግሊዝ ሕዝብ ራሱ ተቆጥቶ ሆር ከሥልጣን ለቀቀ፤ ይህን ለእንግሊዞች ምስጋና አልነፍጋቸውም። በዚያው ሰሞን ደግሞ የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በካቴድራላቸው ቆመው ዘመቻው የክርስቶስን መስቀል ወደ ኢትዮጵያ የሚያደርስ እንደሆነ ይሰብኩ ነበር። መስቀሉ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በፊት የደረሰባትን አገር! የሞስኮው ፓትርያርክ ኪሪል በመስከረም 2015 በውትድርና ግዴታው የሚሞት ወታደር ኃጢአቱ እንደሚታጠብለት ሲናገሩ በሰማሁ ጊዜ ያ የሚላኖ ስብከት ነው ትዝ ያለኝ። ሰላም ይስበክ ከተባለ መጀመሪያ መሰበክ ያለበት እዚያ ነው፤ በወራሪው አገር፣ በወራሪው ቋንቋ፣ የወራሪው ልጆች በሚያስቀድሱበት ደብር።

ጌታችን መባህን ልታቀርብ መጥተህ «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» መባህን ትተህ ሂድና ታረቅ ሲል ማንን እንደሚልክ አስተውለሽ ታውቂያለሽ? የሚላከው ቅሬታ ያለበት ወንድም አይደለም፤ የተቀየሙት ነው። እግሩ መንገድ የሚጀምረው በዳዩ ነው። እኛ ይህን ገልብጠን ተበዳዩን በእግሩ እናስኬደዋለን።

ስለ ጉንጩም ጨርሼ ልንገርሽ። ቃሉን የተናገረው ጌታ ራሱ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ፣ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 እንደሚነግረን፣ «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» አለ። አልተበቀለም፤ መመታቱን ግን ትክክል ነው አላለም። ለምን ብሎ ጠየቀ። ያ ጥያቄ ትዕግሥቱን አላጎደለበትም። እንግዲህ «ስለ ምን ትመታኛለህ?» የሚለውን ሕዝብ ወንጌል ጥሰሃል የምንለው በየትኛው ወንጌል ነው?

አቡነ ጴጥሮስን ታውቂያቸዋለሽ፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ በሐውልታቸው ሥር አልፏል። ሐምሌ 1928 ጣሊያኖች ያቀረቡላቸው ነገር በዛሬ አነጋገር መጠነኛ ነበር፦ አርበኞቹን አውግዙ፣ ሕዝቡ እንዲገዛ ምከሩ፣ በሕይወት ኑሩ። ደም መፍሰስ ይቆም ነበር፤ ቢያንስ ያሉት እንዲህ ነው። እርሳቸው ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪ እንዳይገዙ በግዝት ከልክለው በጥይት ተደበደቡ። አቡነ ሚካኤልም በጎሬ እንዲሁ ተገደሉ። «ታዲያ እምቢ ማለታቸው ምን ጠቀመ?» ያለኝ ወጣት ነበር። እስቲ የተገዙት ምን እንደ ጠቀማቸው እንይ። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ጠመንጃ አልያዙም። ግንቦት 1929፣ የአባታችን የተክለ ሃይማኖት በዓል በሚከበርበት ሰሞን፣ በግራዚያኒ ትእዛዝ ተረሸኑ። ገዳዮቹ ራሳቸው ያመኑት ቁጥር 449 ነው፤ ኋላ የተደረገ ጥናት ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሰዋል። ጸጥ ብሎ መቀመጥ ከሰይፍ አላዳናቸውም።

ግን ልጄ፣ አንድ ነገር ካልነገርሁሽ መልሴ ጎዶሎ ይሆናል። ኤርምያስን ታመጪብኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ነቢዩ ኢየሩሳሌምን «ለባቢሎን ንጉሥ ተገዙና በሕይወት ኑሩ» ብሏታል። ይሁን እንጂ ኤርምያስ ይህን ሲል ቀንበሩን አስቀድሞ የጫነው በገዛ አንገቱ ላይ ነበር። የዚያው የሚከበብ ሕዝብ ልጅ ነው፤ የከተማዋ እንጀራ ሲያልቅ የእርሱም አለቀ፤ ስለ ቃሉ ጭቃ ወዳለበት ጉድጓድ ተጣለ፤ ከተማዋ ከወደቀች በኋላ በቅሬታው መካከል ቀረ። ደግሞም የባቢሎንን ፍርድ አልሸፈነም፤ ሁለት ረጃጅም ምዕራፎች ጽፎባታል። የአንድ ዩክሬናዊ ካህን አፍ «ወገኖቼ፣ ልጆቻችን አለቁ፤ እንተው» ቢል ቀንበሩ አንገቱ ላይ ነውና በአክብሮት አዳምጠዋለሁ። እኔና አንቺ ከሩቅ፣ ማሞቂያ ባለበት ቤት ተቀምጠን ስንለው ቀንበሩ በእጃችን ነው።

ስለዚህ መተው ኃጢአት ነው እያልሁሽ አይደለም። ይስሐቅ የቆፈረውን ጉድጓድ ሲቀሙት ዔሴቅን ትቶ ሄደ፣ ስጥናንም ትቶ ሄደ፣ እስከ ርኆቦት ድረስ። የራሱ ነበርና መተው ይችል ነበር። ሕዝብም መሪዎቹም አመዛዝነው፣ ሬሳ ቆጥረው፣ ጥቂት ሰጥተን የቀረውን እናድን ቢሉ ዳኛቸው እግዚአብሔር እንጂ እኔ አይደለሁም። የዩክሬን መሪዎች በድርድር ጠረጴዛ ላይ ምን ማድረግ እንዳለባቸው አላውጅም። የሰሎሞንን ፍርድ ግን አስታውሺ። ሐሰተኛይቱ ሴት «ይከፈል» አለች፤ እኩል ለእኩል። እውነተኛይቱ እናት ደግሞ አንጀቷ ስለ ልጇ ተላወሰና «ጌታዬ ሆይ፣ ለእርስዋ ስጧት እንጂ አትግደሉት» አለች። ተወችው! ከልብ ተወችው። ሁላችንም እስከዚህ ድረስ እንሰብከውና እናቆማለን። ፍርዱ ግን ከዚህ በኋላ ነው። ሰሎሞን «እንግዲያው አንቺ ትተሻል፤ እርሷ አልተወችም፤ ልጁን ይዛ ትሂድ፤ ሰላም ወረደ» አላለም። የእናቲቱን መተው እንደ ማስረጃ ተጠቅሞ ልጇን ለራሷ መለሰላት። እግዚአብሔር የሰጠው ጥበብ ማለት ይህ ነበር። በዓለም ላይ ያየናቸው አስታራቂዎች አብዛኞቹ የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፤ ቀድማ ያለቀሰችውን እናት ያገኙና ልጁን ከእጇ ይወስዳሉ፤ ሩኅሩኅነቷን መደራደሪያ ያደርጉባታል።

በዚህ መካከል የወደቁትንም አንወግርም። አቡነ አብርሃም ከግብፅ ተሹመው ከመጡት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ፤ የአቡነ ጴጥሮስ የሹመት ወንድም። በወረራው ዘመን ለጣሊያን አደሩ፤ በጣሊያኖችም ፈቃድ የቤተ ክርስቲያን አለቃ ሆኑ፤ የእስክንድርያ ሲኖዶስም አወገዛቸው። ስማቸው ሲነሣ የሚሳደብ ምእመን ሳገኝ «አንተ በዚያን ቀን የት ትቆም ነበር?» እላለሁ። በተራራ ያህል ፍርሃት ውስጥ ሆኖ የታጠፈን ሰው መጠየቅ ያለበት ያጠፈው ነው። ባልንጀራሽም ነገ ደክሟት «ምንም ይሁን፣ እናቴን ብቻ ላግኝ» ብትልሽ፣ ከዳሽ አትበያት።

ይቅርታና ዕርቅ አንድ አይደሉም። ይቅርታን ተበዳይ ብቻውን፣ በቁስሉ ላይ ሳለ፣ በእግዚአብሔር ፊት ሊሰጠው ይችላል፤ እርሱን ከእርሷ የሚጠይቃት ንስሐ አባቷ ነው፤ በጊዜው። ዕርቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ እውነት ይፈልጋል፣ የተወሰደውን መመለስ ይፈልጋል። ዘኬዎስ «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ባለ ጊዜ ነው ጌታ «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» ያለው። የእኛ አገር ሽማግሌም ያለ ካሣ አያስታርቅም። አክሱምን ተመልከቺ። ሐውልቱን ጣሊያን እንዲመልስ በ1939 በሰላም ውሉ ፈረመ፤ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ይመለስ ተባለ፤ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን የመጣው በ1997 ነው። ያ ሁሉ ዓመት «አለፈ እኮ፣ እርሱት» ይሉን ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ደብረ ሊባኖስን ያስፈጀው ግራዚያኒ በኢትዮጵያ ስለ ሠራው ሥራ አንድ ቀን ችሎት ፊት አልቆመም፤ በ2004 ሮም አጠገብ አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። መናዘዝ የሌለበት ሰላም እንዲህ ያለ ፍሬ ያፈራል።

ሆኖም አሸናፊነት ሲመጣ ቂም ይፈቀዳል ማለቴ አይደለም። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡን ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ለመኑት፤ የካቲት 12ን ገና ያልረሳች ከተማ ብዙ ጣሊያኖችን በመካከሏ አኖረች። ያ ይቅርታ የከበደ የሆነው የሰጠው ሕዝብ ተገዶ ስላልሰጠው ነው። ባልንጀራሽ ሩሲያውያንን ሁሉ ብትጠላ ልቧን ይጎዳታልና የሚነገርበት ጊዜ ይመጣል። ዛሬ ግን ያን የምትነግሪያት አንቺ አይደለሽም።

በቅዳሴያችን ዲያቆኑ «ጸልዩ በእንተ ሰላም ፍጽምት ወፍቅር» ሲል ትሰሚያለሽ። የምንለምነው ፍጹሙን ሰላም ነው። ነቢዩ ኤርምያስ «የሕዝቤንም ስብራት በጥቂቱ ይፈውሳሉ፤ ሰላም ሳይሆን፦ ሰላም ሰላም ይላሉ» ብሎ ያለቀሰበትን አይነት ከመሠዊያው ፊት አንለምንም።

ስለዚህ ይቅርታ ጠይቂያት። ማብራሪያ አታብዢ፤ «የማይገባኝን ተናገርሁ» ማለት ይበቃል። በሚቀጥለው የሌሊት ተራችሁ፣ አረጋውያኑ ሲተኙ፣ ሻይ አፍልተሽ ቅጂላትና ስለ እናቷ ጠይቂያት፤ ስልክ ይሠራል ወይ፣ መድኃኒት ያገኛሉ ወይ፣ ጎረቤት አላቸው ወይ። ስለ መሬቱና ስለ ድርድሩ እርሷ ካላነሣችው አታንሺ። ብታለቅስም አታጽናኛት፤ አጠገቧ ተቀመጪ። የእናቷን የክርስትና ስም ጠይቂና ጻፊልኝ። የእኛና የእነርሱ ቤተ ክርስቲያን በቁርባን ባይገናኙም፣ በየማታው ጸሎቴ ከእናቴ ስም ቀጥዬ እጠራቸዋለሁ።